ከቁልቢ ማግስት ሌሊቱን አብራችሁን ላነጋችሁ

የምስጋና መልእክት ለድሬዳዋ ነዋሪዎች

ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲያልፍ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አፌ አይነካውም» ብለው ስለት የገቡ ወገኖቻችን መጠጥን በአንድ ቀን ይቆርጣሉ። ስለታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም፣ መጠጡ አፍኖት የቆየው አንጎል ልጓሙን እንደበጠሰ ፈረስ ይሆናል። ልብ ይደልቃል፣ ደም ግፊት ይወጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሲብስም ሰውየውን ይጥለዋል፣ ያቃዠዋል፣ ሕይወቱንም ሊወስድ ይችላል። ዘንድሮ ከበዓሉ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እነዚህን ወገኖች በጊዜ ያደረሳችሁልን፣ ያስታመማችሁና መድኃኒት ያፈላለጋችሁ እናንተ ናችሁ። አልኮል በማቋረጥ ሕክምና ላይ የምንሠራ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች ከልብ እናመሰግናችኋለን። ምስጋናችን በደፈናው እንዳይቀር፣ የማን ሥራ ምን እንዳተረፈ እንናገራለን።

ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው አረቄ ሻጭ እናቶችን ነው። ታማሚው ሲጠየቅ «ትንሽ ነው» ይላል፤ ባለቤቱም የምታውቀው ማታ እንዴት ሆኖ እንደገባ እንጂ ጠዋት የጠጣውን አይደለም። ቁጥሩን የምታውቀው የምትቀዳዋ ናት። «ጠዋት ሥራ ሳይገባ ሁለት፣ ማታ ስምንት» ብላ በግልጽ የምትነግረን ስትገኝ ሕክምናውን ከግምት ታወጣዋለች። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ፣ አረቄው 40 በመቶ ከሆነ፣ 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ አሥሩ 160 ግራም ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ ቢራ ደግሞ 13 ግራም ያህል ነው። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ ከየትኛው ቤት እንደተጠጣ ማወቅም ይጠቅመናል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብን ግን «ጠዋት ሁለት» የሚለው ቃል ነው። ጠዋት በአንድ መለኪያ የሚለቅ መንቀጥቀጥ ዞረ ድምር አይደለም። አካሉ መጠጡን መጠበቅ ጀምሯል ማለት ነውና፣ እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ተኝቶ ብቻውን ያቁም አንልም።

የመጨረሻውን መጠጥ ሰዓት ይዛችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ እናንተም ትልቅ ሥራ ሠርታችኋል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣሉ። የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ነው። ዲሊሪየም ትሬመንስ የምንለው፣ ሰውየው ያለበትን የማያውቅበት፣ የሌለ ሰው የሚያናግርበት፣ ሰውነቱ የሚግልበት ክፉ ደረጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። «ሁለት ቀን አለፈው፣ ዳነ» ብላችሁ ይዛችሁት ሳትወጡ ሦስተኛውን ሌሊት ስለጠበቃችሁ እናመሰግናለን።

በዚያ ሦስተኛ ሌሊት የአስታማሚ ዓይን ምን እንደሠራ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። ሕመሙ ምን ያህል እንደከበደ የምንለካበት፣ ሲዋ የምንለው መመዘኛ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምሩ እስከ 67 ይደርሳል። ከ8 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት እንከታተላለን፣ ከ15 ሲያልፍ ከባድ ነው። በየአንድ ወይም በየሁለት ሰዓቱ እየለካን ዲያዚፓም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት 10 ሚሊ ግራም፣ ሲብስም 20 እንሰጣለን፤ ነጥቡ ሲወርድ መስጠቱን እናቆማለን። ነርስ ለስንት አልጋ አንድ በሆነበት ሌሊት ግን እንዲህ መለካት አይቻልምና ሰዓቱና መጠኑ አስቀድሞ ይወሰናል። በመጀመሪያው ቀን 10 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በሁለተኛው በየ8፣ በሦስተኛው በየ12፣ በአራተኛው ማታ ብቻ፤ የከበደበት ሰው እስከ 7 ቀን ይሄዳል። ጉበቱ በተጎዳና በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ዲያዚፓም ስለሚጠራቀም መጠኑን እንቀንሳለን፣ ሎራዚፓም ከተገኘም እሱን እንመርጣለን። ለመቀስቀስ ያስቸገረ ወይም ትንፋሹ በደቂቃ ከ12 በታች የወረደ ሰው ቀጣዩ መድኃኒት አይሰጠውም። ይህን ለውጥ ከእኛ ቀድማችሁ አይታችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በር ያንኳኳችሁ አስታማሚዎች ነበራችሁ። የድሬ ሙቀት ላቡን ያሳስታል፤ ጎህ ሊቀድ ሲል በቀዝቃዛው ሰዓት አንሶላ የሚያርስ ላብ ግን የሙቀት አይደለም። እሱንም የነገራችሁን እናንተ ናችሁ።

ጫቱን ሳትደብቁ ስለነገራችሁንም እናመሰግናለን። የአወዳይን ጫት ቅሞ ምርቃናውን በጨብሲ መስበር በእኛ በምሥራቁ የተለመደ ነው። ጫት ራሱ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግና እንቅልፍ ስለሚነሳ፣ ካልተነገረን ሁሉንም ከመጠጥ ማቆም ቆጥረን መድኃኒት እናበዛለን። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ደግሞ ዱካክ ይመጣል። ዱካክ የሚያስጨንቀው በእንቅልፍ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሲነቃ ያለበትን ቦታና የቀሰቀሰውን ሰው ያውቃል። ዲሊሪየም ዓይን ተገልጦ ነው። ይህን ልዩነት የተማሩ አስታማሚዎች አንዳንድ ጊዜ ከጀማሪ ባለሙያ ይልቃሉ።

ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከመጋላ ሌሊት የተመላለሳችሁ የባጃጅ አሽከርካሪዎች! ሰው መንገድ ላይ ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ጥርስ በማንኪያ መፈልቀቅ፣ ቁልፍ ማስጨበጥ የቆየ ልማድ ነው፤ አንዱም መንፈራገጡን አያስቆመውም። ክብሪቱ ፊት ያቃጥላል፣ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። እናንተ አቁማችሁ ሰውየውን በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ጋቢ አድርጋችሁ፣ ሰዓት አይታችሁ ነው የመጣችሁት። ከ5 ደቂቃ ያለፈ ወይም ሰውየው ሳይነቃ የደገመ መንፈራገጥ ሲኖር እኛ ዲያዚፓም 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ በደቂቃ ከ5 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ በዝግታ እንሰጣለን። በጡንቻ ሲወጋ አወሳሰዱ ስለማይጨበጥ እናስወግደዋለን።

በየጤና ጣቢያውና በየክሊኒኩ ያላችሁ የሙያ አጋሮቻችን፣ «ሰካራም ነው» ብላችሁ ሳትመልሱ የደም ስኳር ለክታችሁ፣ ለወባ ደም መርምራችሁ፣ ጭንቅላቱ መመታቱን አይታችሁ ልካችኋል። በእኛ ከተማ ይህ ተራ ነገር አይደለም። የሚያልበው፣ የሚንቀጠቀጠውና የሚቃዠው ወባም ሊሆን ይችላል፣ መጠጥ ማቆምም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። አንዱ ተገኘ ተብሎ ሌላው መተው የለበትም። የተቃዠውን ለማስተኛት ላርጋክቲል ስላልወጋችሁም ተመስገኑ፤ መድኃኒቱ መንፈራገጥን ይጠራል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይንም ከመጠጥ ማቆም የሚመጣውን መንፈራገጥ አይከላከልም።

የከዚራና የመጋላ መድኃኒት ቤቶች ስለ ታያሚኑ የከፈላችሁትን ድካም አንረሳም። ብዙ የሚጠጣ ሰው ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 1፣ ከሰውነቱ ያልቅበታል፤ በአፍ ቢሰጠውም አንጀቱ በደንብ አይወስድለትም። እንዲህ ላለው «ደከመው» ተብሎ ግሉኮስ ብቻ ሲሰቀልለት፣ ስኳሩን ለማቃጠል የቀረችው ታያሚን ትሟጠጥና አንጎሉ ይጎዳል። ዓይኑ ይንቀዋለላል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ግራ ይጋባል። ካለፈ በኋላ የማይመለስ የማስታወስ ችግር ሊተው ይችላል። ስለዚህ ታያሚን ይቀድማል፤ የደም ስኳሩ የወረደ ከሆነ ግን ግሉኮሱ አይዘገይም፣ ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ። ለመከላከል በቀን አንድ ባለ 100 ሚሊ ግራም አምፑል ሊበቃ ይችላል። ጉዳቱ ሲጠረጠር ግን በደም ሥር እስከ 500 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ በሳላይን ተበጥብጦ በ30 ደቂቃ ይገባል። ይህ ማለት ለአንድ ሰው በቀን 15 አምፑል ነው፣ በ3 ቀን 45። አንድ መድኃኒት ቤት ይህን ሁሉ በመደርደሪያው አያኖርም። እርስ በርስ ተደዋውላችሁ፣ ከዚህ አምስት ከዚያ አሥር እያላችሁ ሞላችሁት። ያለ ማዘዣ ዲያዚፓም የጠየቃችሁን ቤተሰብ መልሳችሁ ወደ እኛ መላካችሁም ትክክል ነበር፤ ዲያዚፓም ከአረቄ ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

የንስሐ አባቶችና ሼኾች፣ «ስለቱ አይፈርስም፣ ግን በሐኪም እጅ ጀምረው» የሚለው ቃላችሁ ከእኛ ሰዓት ሙሉ ምክር ይልቅ ተሰሚ ነው። ሳይበላ በባዶ ሆዱ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ሲያስመልሰው የዋለ ሰው ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይወርድበታል፣ ልቡም አደጋ ላይ ይወድቃል። ጠበሉንም ሕክምናውንም አስማምታችሁ፣ በእነዚያ ቀናት ከጾም እንዲያርፍ ለፈቀዳችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

ዲሊሪየም የያዘውን ወንድማችሁን በነጠላ ከአልጋ ጋር ያላሰራችሁ፣ መብራት ሳታጠፉ፣ ተራ ገብታችሁ አንድ አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ እየተቀመጣችሁ «ሆስፒታል ነው ያለኸው፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ እኔ እህትህ ነኝ» እያላችሁ ያነጋችሁ፤ አጥሚቱን በትንሽ በትንሹ ያጠጣችሁ፤ ለእናንተ የሚበቃ ቃል የለንም።

አሁን ወደ ቤት ለተመለሱት አንድ ነገር እንጨምር። የሕክምናው ቀናት ሰውነትን ያጸዳሉ እንጂ የመጠጥ ፍላጎቱን አይነቅሉም፤ ሐራራው ይመጣል፣ የክትትል ቀጠሮው ለዚሁ ነው። ማቆምና መጀመር በተደጋገመ ቁጥር የሚቀጥለው ማቋረጥ ይብሳል። ከእረፍት በኋላ የድሮውን አሥር መለኪያ የሚደግም ሰው ደግሞ አካሉ መጠጡን መልመዱን ስለተወ በዚያው መጠን ሊሞት ይችላል። ቢሳሳት አትቆጡት፣ አምጡት።

የሳቢያን እድር ያዋሳችሁን 6 ወንበርና 4 ብርድ ልብስ ታጥቦ ተዘጋጅቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሰብሳቢው ቤት እናደርሳለን። የግድግዳ ሰዓቱን ግን፣ ከፈቀዳችሁ፣ ታማሚው ተኝቶ የሚያየው ቦታ ላይ ስለሰቀልነው እዚያው ይቆይልን።

በድሬዳዋ አልኮል በማቋረጥ ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች