ለሚመለሱ ሚስዮናውያንና ለልጆቻቸው ዕቅድ የት አለ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሚስዮናዊ ቤተሰብ ሲላክ ምን እንደሚደረግ ምእመን ሁሉ ያውቃል። ቤተሰቡ መድረክ ላይ ይቆማል፣ ሽማግሌዎች እጅ ይጭናሉ፣ ጉባኤው ይጸልያል፣ ወርኃዊ ድጋፍ ቃል ይገባል። ያው ቤተሰብ ከስምንት ወይም ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ የሚጠብቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ እሑድ ምስክርነት ነው። ድጋፉም ብዙ ሳይቆይ ይቋረጣል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ላኪ አብያተ ክርስቲያናት ለመላክ የሚያወጡትን ያህል ዕቅድ ለመመለስም እንዲያወጡ፣ ልጆቹንም በዕቅዱ ውስጥ በየስማቸው እንዲያስገቡ ለመጠየቅ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13፣ የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በርናባስንና ሳውልን የላከችበት ክፍል፣ በየሽኝቱ ይሰበካል። የምዕራፍ 14 መጨረሻ ግን እምብዛም አይነሣም። እዚያ ሁለቱ ወደ ላከቻቸው ጉባኤ ተመልሰው፣ ምእመናኑን ሰብስበው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ ከደቀ መዛሙርቱም ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጡ። ተሰብስቦ የሚሰማ ጉባኤና አረፍ ብሎ የሚቀመጡበት ጊዜ የተልእኮው አካል ነበሩ ማለት ነው።

ለወላጆች መመለስ የሆነው ጉዞ ለልጁ ብዙ ጊዜ ከአገር መውጣት ነው። በሦስት ዓመቱ ሄዶ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ የመጣ ልጅ ሰፈሩም፣ የሚቀልድበት ቋንቋም፣ ተጣልቶ የታረቃቸው ጓደኞቹም ያሉት እዚያው ነው። ፓስፖርቱ የተሰጠበት አገር ለእሱ የአያቶቹ አገር ነው። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሩት ሂል ዩሲም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሕንድ ውስጥ የሚኖሩ አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ካጠናች በኋላ እንዲህ ያሉትን ልጆች የሦስተኛ ባህል ልጆች ብላ ጠራቻቸው። የወላጆቻቸውንም ባህል ሆነ ያደጉበትን ሙሉ በሙሉ የራሳቸው ሳያደርጉ በሁለቱ መካከል ያድጋሉ።

ችግሩ የዛሬ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ለሚስዮናውያን ሴት ልጆች እ.ኤ.አ. በ1838 ዋልታምስቶው ሆል፣ ለወንዶቹ ደግሞ በ1842 በኋላ ኤልታም ኮሌጅ የተባለው ትምህርት ቤት የተከፈቱት ወላጆች በባሕር ማዶ ሲያገለግሉ ልጆች በአዳሪነት እንዲማሩ ነበር፤ ወላጆቻቸውን ለዓመታት ሳያዩ የሚቆዩም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር ወርቅ ያገኘው ኤሪክ ሊድል ቻይና ተወልዶ በዚሁ የወንዶች ትምህርት ቤት ያደገ የሚስዮናውያን ልጅ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ረጅም መለያየት ቀንሷል፤ ልጆቹ የሚያጡት ነገር ግን አልቀረም። ቤት፣ ጓደኛ፣ ሞግዚት፣ ውሻ፣ ቋንቋ በአንድ ቀን ይጠፋሉ። የሞተ ሰው የለምና ለቅሶ የሚደርስ የለም። በዚያ ላይ «ለጌታ ብለን ሄድን» ሲባል የሰማ ልጅ ማዘኑን ጌታን እንደ መክሰስ ስለሚቆጥረው ዝም ይላል። ትልልቆቹም «ልጆቹማ ቶሎ ለመዱ» ይላሉ።

ሥራው መጀመር ያለበት ከመነሻው ቀን ስድስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከእነዚህ ልጆች ጋር ለረጅም ዓመታት የሠራው አሜሪካዊው ዴቪድ ፖሎክ ለመልቀቂያው ጊዜ አራት ነገሮችን ያስተምር ነበር፦ መታረቅ፣ ማመስገን፣ መሰናበትና ስለሚሄዱበት ቦታ አስቀድሞ ማሰብ። አብዛኛው ቤተሰብ መታረቁን ይዘለዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ላንተያይ ምን ያደርጋል ብሎ። ያልተፈታ ጠብ ግን አብሮ ይሻገርና አዲሱ ቦታ ላይ ከሰው ለመቀራረብ እንቅፋት ይሆናል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጆች ከወዳጆቻቸው ጋር ያለ ምክንያት ሲጣሉ ወላጆች እንደ ብልግና ቆጥረው ይቀጣሉ። ልጁ ሳያውቀው መለያየቱን ለማቅለል እየራቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ከቅጣቱ በፊት መለየቱ እንደከበደው ጠይቁት።

ስንብቱ ለሰው ብቻ አይደለም። ልጁ የሚሰናበታቸውን ሰዎች፣ ቦታዎች፣ እንስሳትና ዕቃዎች ራሱ ይዘርዝር፤ መጻፍ የማይችል ይሳል። ክፍሉንና የትምህርት ቤት መንገዱን ፎቶ ያንሣ። የሚሰጠውንም ዕቃ ለሚወደው ሰው በገዛ እጁ ይስጥ። ልጁ ትምህርት ቤት ሳለ ውሻውን ለሰው መስጠት ወይም መጫወቻውን መሸጥ የለየለት ጥፋት ነው፤ ልጁ ከዚያ በኋላ ወላጆቹን ለማመን ይቸገራል። ለየአንዳንዱ ልጅ፣ ለአምስት ዓመቱም ቢሆን፣ እኩል መጠን ያለው አንድ ሣጥን ይሰጠው፤ ድንጋይና የተሰበረ መኪና ቢሞላበትም ማንም አይቀንስበት።

ወረቀቶችን በተመለከተ አጭር ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የየዓመቱ የትምህርት ማስረጃና የሕክምና መዝገብ ዋናዎቹ በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ቅጂያቸው በኢሜይል ይቀመጥ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ስለሚጠይቁ የሁሉም ቀን አስቀድሞ ይታይ።

ቋንቋው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቤት ውስጥ የወላጆቹን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ልጅ በዚያው ቋንቋ ሳይንስና ታሪክ መማር የሚችል ይመስላል። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው የጂም ከሚንስ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ወደ አዲስ ቋንቋ የገባ ተማሪ የዕለት ንግግሩን በሁለት ዓመት ገደማ ይይዛል፤ በትምህርት ቋንቋ ከእኩዮቹ ለመድረስ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ገና ውጭ እያሉ በየቀኑ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ማንበብና መጻፍ ይለመድ። በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ብቻ ልጁን ክፍል ማስደገምም አይገባም። ከትምህርት መክፈቻ አራት ወይም ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ መድረስ በዓመቱ መካከል ከመግባት እጅግ ይሻላል።

አቀባበሉን በደንብ ማሰብ ያስፈልጋል። ቢያንስ ለስድስት ወር የማይነቃነቁበት ቤት ይዘጋጅ፤ ቤተሰቡን በየሳምንቱ ከዘመድ ወደ ዘመድ ማዞር ደግነት ቢመስልም ልጆቹን ያደክማል። በመጀመሪያው ወር ስብከትም ሪፖርትም አይጠየቁ። ባንኩን፣ ስልኩን፣ ትራንስፖርቱን፣ ክሊኒኩን የሚያሳያቸው አንድ ቤተሰብ በስም ይመደብ፤ «ሁላችንም አለንላችሁ» የተባለ ቤተሰብ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም። ልጆቹን መድረክ ላይ አውጥቶ የአገሩን ልብስ ማልበስ፣ «እስቲ በቋንቋቸው ተናገር» ማለት ይቅር። «አገርህ በመግባትህ ደስ አለህ?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ይቀበላል። በምትኩ «እዚያ ቅዳሜን እንዴት ታሳልፍ ነበር? በጣም የናፈቀህ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳያርሙ መስማት ይሻላል።

የሰው ባህል ተመራማሪው ካለርቮ ኦበርግ የባህል ድንጋጤን፣ ማለት በባዕድ ባህል ውስጥ የሚመጣውን መናወጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያብራራ በመጀመሪያ የሚመጣው ደስታ እንደሆነ፣ ጭንቀቱ ዘግይቶ እንደሚከተል ጽፏል። ተመራማሪዎቹ ጆንና ጂን ጉላሆርን እ.ኤ.አ. በ1963 ይኸው መውረድና መውጣት በመመለስ ጊዜም እንደሚደገም አሳዩ። ጉባኤው ግን የሚጠይቃቸው በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ደስ ባላቸው ጊዜ ነው፤ ጭንቀቱ ሲመጣ ጠያቂው ሄዷል። የጉብኝቱ ቀን በአንደኛው፣ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዐሥራ ሁለተኛው ወር አስቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ይጻፍ። ብቻውን ለዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ወጣት ደግሞ በዓልና ክረምት የት እንደሚያሳልፍ፣ ቢታመም ማን እንደሚደርስለት ሳይታወቅ አይላክ።

የመመለሻ ውይይቱ ከሥራ ግምገማ ይለይ። ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ ቀን ይያዝለት፤ የሚመራውም በድጋፋቸው ላይ የማይወስን፣ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ይሁን። ደመወዙን ለሚወስን ሰው ማንም ድካሙን አይነግረውም። ባልና ሚስት አብረውም ለየብቻም ይሰሙ፤ ልጆች በሥዕልና በጨዋታ ይናገሩ። የጎዳቸው ሰው እንዳለ በሠለጠነ ሰው በኩል ለብቻቸው ይጠየቁ። የተጎዳ ልጅ ከተገኘ፣ የማኅበሩ ስም እንዳይነካ ተብሎ ነገሩ መሸፈን የለበትም። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ከጸሎቱ ጎን የባለሙያ ሕክምና ይፈለግ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከተሰማ ግን በዚያው ቀን።

ጊዜያቸው ሳይደርስ የተመለሱትን በተለየ ልብ ማየት ያስፈልጋል። በጦርነት ወይም በሕመም በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወጣ ቤተሰብ አልተሰናበተም፤ ሐሜት ሲጨመርበት ከቤተ ክርስቲያንም ይርቃል። ማርቆስ ከመንገድ ሲመለስ ጳውሎስ ዳግመኛ ሊወስደው አልፈለገም፤ በርናባስ ግን ይዞት ሄደ። በኋላ ጳውሎስ ራሱ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ቆጥሮ አስጠራው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡም በመመለሻው ወር አይገኝም። ቤተሰቡ ከተላከበት የመጀመሪያ ወር ጀምሮ ከድጋፉ ላይ ጥቂት መቶኛ ይቀመጥ፤ ዓላማው ከተመለሱ በኋላ የስድስት ወር ኑሮን፣ የቤት ኪራይን፣ የልጆች ትምህርት ማጠናከሪያንና ምክርን መሸፈን ይሁን። ገንዘቡ በተለየ ሂሳብ ካልተያዘ አዲስ ሽኝት በመጣ ቁጥር ይወሰዳል። ስለዚህ የሚመለሰው ቤተሰብ ስምና የሚመለስበት ወር በማመልከቻ ላይ ሳይጻፍ ከሂሳቡ ምንም እንዳይወጣ የሽማግሌዎች ጉባኤ በመተዳደሪያ ደንብ ያጽድቀው።

ከአክብሮት ጋር