እማዬ፣ ቲኬቱን ገና እንዳትገዢው

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? በቴሌግራም የላክሽልኝን ስክሪንሾት አይቼዋለሁ። በድምፅ ልመልስልሽ ጀምሬ ነበር ግን ነገሩ ሲረዝምብኝ ተውኩት፣ አንቺም ደግሞ አንዴ ሰምተሽው "የቱን ነበር ያልከኝ" ብለሽ እንደገና ትደውያለሽ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ከአክስቴ ጋር ሆናችሁ በእርጋታ አንብቡት።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ያንን ቲኬት አትግዢው። ርካሽ መሆኑን አይቻለሁ፣ ፈልጎ ያገኘላችሁም ልጅ ተቸግሮ ነው፣ አመስግኚልኝ። ግን ወረቀቱ ላይ "ለንደን" ይላል እንጂ የምታርፉት ስታንስቴድ ነው፣ እሱ ደግሞ ከከተማው መሀል 60 ኪሎሜትር አካባቢ ይርቃል፣ ኤሴክስ የሚባል ሌላ አውራጃ ውስጥ ነው ያለው። በለንደን ስም የሚጠሩ ስድስት ኤርፖርቶች አሉ፣ ሂትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን፣ ሲቲ እና ሳውዝኤንድ፣ ከነሱ ውስጥ እውነት ለንደን ውስጥ የሚገኙት ሂትሮው እና ሲቲ ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ ስሙን ይዘው ውጪ የተቀመጡ ናቸው።

ሰዓቱንስ አይተሽዋል? 23:40 ማለት እኮ በኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ነው። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ቢያርፍ እንኳን ኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ ሻንጣ መጠበቅ አለ፣ ስትወጡ እኩለ ሌሊት አልፏል። ከዛ ባቡሩ ሊቨርፑል ስትሪት የሚባለው ጣቢያ ድረስ ወደ 50 ደቂቃ ይወስዳል፣ እሱም ካላመለጣችሁ ነው፣ ካመለጣችሁ ሌሊት የሚሰራ አውቶቡስ አለ፣ እሱን ካልፈለጋችሁ ታክሲ ነው፣ ታክሲ ደግሞ ከዛ ርቀት ከ100 ፓውንድ በላይ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሁለት ሴት፣ አራት ሻንጣ፣ እኩለ ሌሊት፣ መንገዱን የማታውቁት አገር። እኔ እዚህ ሊድስ ተቀምጬ እንቅልፍ ይወስደኛል ብለሽ ነው?

ግን ይሄ ሁሉ ቀላሉ ነው። ስክሪንሾቱን አስፍተሽ ተመልከቺው፣ እዛ ያለው አንድ ቲኬት ሳይሆን ሁለት ቲኬት ነው። አንዱ ሮም ድረስ፣ ሌላው የሌላ ድርጅት ሆኖ ከሮም ስታንስቴድ። ሁለቱ ድርጅቶች አይተዋወቁም፣ ሻንጣሽን አንዱ ለአንዱ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ሮም ላይ ሻንጣ ለመቀበል ኢሚግሬሽን አልፈሽ መውጣት አለብሽ ማለት ነው፣ ለመውጣት ደግሞ በኛ ፓስፖርት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፣ የእንግሊዝ ቪዛ ጣሊያን አያስገባም። በዛ ላይ የመጀመሪያው በረራ የሚያወርዳችሁ ፊውሚቺኖ ነው፣ ሁለተኛው የሚነሳው ከቻምፒኖ ነው! ሮምም እኮ ሁለት ኤርፖርት ነው ያላት፣ አንዱ በከተማው በአንዱ ወገን ሌላው በሌላው። በሁለቱ በረራዎች መሀል ያለው ጊዜ ሶስት ሰዓት ተኩል ነው። እና የመጀመሪያው ትንሽ ቢዘገይ ሁለተኛው ድርጅት ምን አገባኝ ነው የሚልሽ፣ ብርሽ እዛው ቀረ። በዛች ቲኬት የተፈቀደልሽ ሻንጣም ከወንበር ስር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ናት፣ አንቺ ለኔ ምን ምን ልትጭኚ እንዳሰብሽ ደግሞ አውቃለሁ 😄 ለሻንጣው ስትጨምሪበት ርካሽነቱ እዛው ያልቃል።

ስለዚህ ቀጥታውን በረራ ያዙ። ሂትሮው ነው የሚያርፈው፣ ተርሚናል 2፣ ከመሀል ከተማ ወደ 23 ኪሎሜትር ብቻ፣ ያውም ባቡሩ ከስሩ ነው የሚነሳው። ቲኬቱ ይወደዳል፣ አዎ፣ ግን ልዩነቱን እኔ እከፍላለሁ ብያለሁ በቃ፣ በዚህ ላይ እንዳንከራከር። ከመሬት ከወረድሽበት አልጋሽ እስክትደርሺ ያለውን ሁሉ ደምረሽ ካየሽው ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

(ስለ ጋትዊክም ጠይቀሽኛል። ጋትዊክ መጥፎ አይደለም፣ በደቡብ በኩል ነው፣ ባቡሩ ቪክቶሪያ ጣቢያ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያደርሳል፣ በቀን የሚያርፍ ቀጥታ በረራ ብታገኙ አልቃወምም። ሉተንን ግን እርሺው፣ ባቡር ቀይሮ ባቡር ነው። ሲቲ ደግሞ ሜዳው አጭር ነው፣ ትልልቅ አውሮፕላን አያርፍበትም።)

ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ጠይቂ። አታኩርፊ! መራመድ አትችይም እያልኩሽ አይደለም፣ ሂትሮው ውስጥ ከአውሮፕላኑ እስከ ኢሚግሬሽን ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ ወጣቱም ይደክመዋል። አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ ከ48 ሰዓት በፊት መጠየቅ ብቻ ነው፣ የሚገፋሽ ሰው ደግሞ መንገዱን ስለሚያውቅ አክስቴም ከኋላ ከኋላ ትከተላለች፣ ማንም አይጠፋም።

አሁን ማደሪያው። ሶስተኛ ላይ የላክሽው ሆቴል፣ ያ ነጭ አሮጌ ቤት፣ ፎቶው ያምራል፣ ሰፈሩም መሀል ከተማ ነው። እኔ ግን ፎቶውን ትቼ ከስር ያለውን ጽሑፍ ነው ያነበብኩት። "ሎወር ግራውንድ" ይላል ክፍሉ፣ ምድር ቤት ማለት ነው፣ መስኮቱ የሚያሳይሽ የመንገደኛ ጫማ ነው። ቀጥሎ "ሻወር የጋራ" ይላል። ሊፍት የሚለውን ፈልጌ አጣሁት፣ የለም ማለት ነው፣ እነዚህ አሮጌ ቤቶች ሲሰሩ ለአንድ ቤተሰብ ስለነበር ደረጃቸው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፣ እናም ምድር ቤቱን አልፈልግም ካልሽ የሚሰጡሽ ምናልባት አራተኛ ፎቅ ነው። ፎቅ አቆጣጠራቸውንም ልብ በይ፣ አንደኛ ፎቅ የሚሉት መሬት ላይ ያለውን አይደለም፣ አንድ ደረጃ ወጥተሽ ነው። ሪቪው ስታነቢ ደግሞ ነጥቡን ተይው፣ "ደረጃ" እና "ሻንጣ" የሚሉ ቃሎች ያሉበትን ፈልገሽ አንብቢ፣ እዛ ጋ ሰው እውነቱን ይናገራል።

እኔ ያሰብኩላችሁ ኢሊንግ የሚባል ሰፈር ነው፣ ወደ ምዕራብ፣ በሂትሮውና በመሀል ከተማው መካከል። ለንደን በዞን ነው የተከፈለችው፣ መሀሉ ዞን 1 ነው፣ ኢሊንግ ዞን 3። ሰው ዞን 3 ሲባል ገጠር ይመስለዋል፣ ግን ኤልሳቤጥ ላይን የሚባለው ባቡር፣ በኛ 2014 ዓ.ም የተከፈተው፣ ከሂትሮው ተነስቶ ኢሊንግ ብሮድዌይ ያቆማል፣ ከዛ መሀል ከተማ ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው። መቀየር የለም፣ ጣቢያው ሊፍት አለው፣ የዚህ መስመር ጣቢያዎች በሙሉ ያለደረጃ ነው የሚገባባቸው። ከድሮዎቹ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ግን አብዛኞቹ እንደዛ አይደሉም፣ ኮቨንት ጋርደን የሚባለው ጣቢያ ሊፍቱ ቢበላሽ 193 ደረጃ ነው የሚጠብቅሽ፣ እዛ እንዳትሞክሩት።

ሆቴሉን ከትልልቆቹ ርካሽ ሆቴሎች እንይዛለን፣ ፕሪሚየር ኢን ወይ ትራቭሎጅ። ምንም ጌጥ የላቸውም፣ ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ነው፣ ግን ንፁህ አልጋ፣ የራስሽ ሻወር፣ ማታ ሪሴፕሽን ላይ ሰው አለ። ለአንቺና ለአክስቴ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ብዬ ለይቼ ነው የምጠይቀው፣ ዝም ካልኩ አንድ ትልቅ አልጋ ሰጥተዋችሁ ሌሊቱን ብርድ ልብስ ስትጓተቱ ታድራላችሁ። ዋጋው እንደ ቀኑ ይለዋወጣል፣ አርብና ቅዳሜ ይጨምራል፣ ለዛ ነው ሰኞ ድረሱ ያልኳችሁ። ሌላው፣ አንዱ ክፍል ራሱ ሁለት ዋጋ ይኖረዋል፣ ርካሹ ገንዘብ የማይመለስበት፣ ትንሽ የሚወደደው ደግሞ ብትሰርዢ የሚመልስልሽ፣ እኛ የምንይዘው የሚመለሰውን ነው፣ ምክንያቱም ቪዛው ገና አልወጣም።

ቪዛው ሳይወጣ ቲኬት አይገዛም እማዬ። ማመልከቻው ላይ የት ታርፋላችሁ ብሎ ይጠይቃል፣ ለሱ የሆቴሉ ቡኪንግ ይበቃል፣ ቲኬት ግዙ ብሎ የሚያስገድድ የለም፣ እንዲያውም ቪዛ ሳትይዙ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ ነው የሚሉት። የጎብኚ ቪዛ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ሶስት ሳምንት አካባቢ ይፈጃል፣ ስለዚህ "ዛሬ ካልገዛን ዋጋው ይጨምራል" የሚለውን የልጁን ጭቅጭቅ አትስሚው።

የምትደርሱበት ቀን እንዲህ ነው። በረራው ጠዋት ነው የሚያርፈው፣ ሆቴሉ ግን ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 8 ወይ 9 ሰዓት በኋላ ነው (በነሱ 14:00 ወይ 15:00)። ሻንጣችሁን ሪሴፕሽን አስቀምጡልን በሏቸው፣ ብዙ ቦታ ይቀበላሉ፣ ትንሽ ከፍለን ቀደም ብሎ ክፍል የሚሰጡ ከሆነ ግን እሱን እይዝላችኋለሁ፣ ሌሊቱን ተቀምጣችሁ አድራችሁ እንደገና ሎቢ ላይ እንድትቀመጡ አልፈልግም። ከኤርፖርቱ ወደ ባቡሩ ስትወርዱ ሀምራዊ ቀለም ያለውን ምልክት ተከተሉ፣ እሱ ነው ኤልሳቤጥ ላይን። ሂትሮው ኤክስፕረስ የሚል ሌላ ባቡርም አለ፣ እዛ ቆመው የሚሸጡ ሰዎችም ይጠሩሽ ይሆናል፣ በዕለቱ ከገዛሽው 25 ፓውንድ አካባቢ ነው፣ ፓዲንግተን በሩብ ሰዓት ያደርሳል፣ ግን ኢሊንግ አያቆምም፣ አመስግነሽ እለፊ። ወረቀት ቲኬት አያስፈልግም፣ የምልክላችሁን የባንክ ካርድ ቢጫው ክብ ነገር ላይ ስትገቢ ታስነኪዋለሽ፣ ስትወጪም ታስነኪዋለሽ። ስትወጪ ከረሳሽ የበዛ ሂሳብ ይቆርጥብሻል። ለአክስቴ ሌላ ካርድ ነው የምልከው፣ አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሆንም፣ "ቅድም ነክቷል" ይላል። አውቶቡስ ላይ ስትሳፈሩ ብቻ ነው የሚነካው፣ ስትወርዱ የለም፣ ጥሬ ብር ደግሞ አውቶቡሱ ጭራሽ አይቀበልም።

ለምን ኢሊንግ ብዬ እንደደረቅኩ ግን ሌላም ምክንያት አለኝ። ዕድሜሽን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስለ መቅደላ አስተምረሻል፣ በ1860 ዓ.ም ከዛ የተወሰደውን የወርቅ ዘውድ ደግሞ በዓይንሽ አይተሽው አታውቂም። ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ነው፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን፣ ከኢሊንግ ብሮድዌይ አረንጓዴው ዲስትሪክት ላይን ቀጥታ ይወስዳችኋል፣ እዛ ስትወርዱ ግን ትንሽ ደረጃ አለ፣ ቀስ በሉ። መግቢያው ነፃ ነው። የትኛው ክፍል እንደተቀመጠ በር ላይ ጠይቂያቸው፣ ቤቱ ትልቅ ነው፣ ዝም ብለሽ ብትፈልጊ ቀኑ ያልቅብሻል። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን ታቦታት ግን ማንም አያይም፣ ለእይታ አይወጡም፣ እንዳትለፊ ብዬ ነው።

አርብ እኔ ከናንተ ጋር ነኝ፣ ሐሙስ ማታ ከስራ ስወጣ ባቡር እይዛለሁ። ያን ቀን ዊንድዘር እንሄዳለን፣ ልዑል አለማየሁ ጋ። በ18 ዓመቱ ነው የሞተው፣ በ1872፣ እዛ ቤተመንግስቱ ውስጥ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቻፕል ነው የተቀበረው። ከኢሊንግ በዛው ኤልሳቤጥ ላይን ወደ ምዕራብ ስላው ድረስ፣ እዛ ትንሿን ባቡር ቀይረን ስድስት ደቂቃ ነው። ቤተመንግስቱ ማክሰኞና ረቡዕ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ ቻፕሉ ደግሞ እሁድ ለጎብኚ አይከፈትም፣ ለዛ ነው አርብን የመረጥኩት። መግቢያው ውድ ነው፣ እሱንም አልጠየቅሽኝም።

እና አሁን ከናንተ የምፈልገው የሁለታችሁን ፓስፖርት ፎቶ ያለበትን ገፅ ነው፣ ጥርት አድርጋችሁ አንሱት፣ የአክስቴ ባለፈው የላከችው ጣቷ ስሟን ሸፍኖታል። እሱ ሲደርሰኝ ሆቴሉን እይዝና ቡኪንጉን እልክልሻለሁ፣ ማመልከቻውን እሁድ ማታ በቪዲዮ አብረን እንሞላዋለን፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሁኚ።

ልጅሽ