ከአንጎል እርጅና በፊት የእናቶቻችን ቫይታሚን ቢ12 ይታይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የስኳር መድኃኒት የአንጎልን እርጅና ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። ያነበብኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ጎረቤታችን አንድ ጡረተኛ አባት ስልካቸው ላይ ተልኮላቸው አይተውታል። ስኳር የለባቸውም። በማግስቱ ግን ፋርማሲ ሄደው ያንን የስኳር መድኃኒት፣ ሜትፎርሚንን፣ ጠየቁ። ሲመለሱ "የአንጎል መድኃኒት ነው ተብሏል እኮ" አሉኝ። ደብዳቤውን ያስጀመረኝ የእሳቸው ነገር ነው። ያስጨረሰኝ ግን የእናቴ ነው።

ዜናው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የቻይና ተመራማሪዎች ያረጁ ጦጣዎችን 40 ወር ሙሉ በየቀኑ ሜትፎርሚን ሰጥተው ያገኙትን ይፋ አደረጉ። የጦጣዎቹ አንጎል ሲለካ 6 ዓመት ገደማ ወጣት የሆነ ያህል ነበር። ደስ ይላል። ግን ጦጣዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ሁሉም ደግሞ ወንድ። ይህን ጽሑፋችሁ ላይ አላየሁትም።

ተስፋውም ባዶ አይደለም። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ከምናቃጥለው ጉልበት 20 በመቶውን ያህል ይበላል። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ስኳር ያለበት ሰው ለመርሳት በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑም የታወቀ ነው። ስለዚህ የስኳር መድኃኒት አንጎልን ይረዳ ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ነው ገና ያልመጣ። በ2018 ኅዳር ላይ ሴማግሉታይድ የተባለው የስኳር መድኃኒት ውጤት ተነገረ። ጀማሪ አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ያለባቸው ከ3,800 በላይ ሰዎች ሁለት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። አንዳንድ የበሽታው ምልክቶች በምርመራ ሲታዩ ትንሽ ተሻሽለዋል። መርሳቱ ግን አልዘገየም። ያንን ዜና ጎረቤቴ ስልክ ላይ የላከላቸው ሰው የለም።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ።

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት፤ 71 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት ወስዳለች። ቀን መቁጠሪያ አይታ አታውቅም። ዛሬ ስንት ነው ስትባል "አቦ ነው"፣ "ሚካኤል ነው" ትላለች፤ ቀኑን ማውጣት የእኛ ፋንታ ነው። አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ለሚካኤል ብላ ወጣች። ቀኑ 14 ነበር። ሚካኤል ካለፈ ሁለት ቀኑ። ከዚያ ለማኅበሯ ጠላ ስትጠምቅ ጌሾውን ደግማ ጨመረችበት፤ ጠላው መርሮ አልጠጣ አለ። እግሬን ጉንዳን ይወረኛል ትላለች። ዘመዱ ሁሉ "እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል" አለ። እኛም አመንን። ጠበልም ወሰድናት፤ በዚያ አልጸጸትም። የምጸጸተው ሌላ ነገር ስላልጠየቅኩ ነው።

በዐቢይ ጾም፣ ምኩራብ ሳምንት ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ተቀምጣ አገኘኋት። ላብ አጥምቋታል። የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ነፋስ ቁጭ ያለ ሰው አያልበውም። ቀና ብላ አየችኝና "እትዬ፣ መጣሽ?" አለችኝ። በሞተችው ታላቅ እህቷ ነው የጠራችኝ። ስኳር አብዝቼ ሻይ አጠጣኋት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ "አንቺ ነሽ እንዴ?" አለች።

ለካ በጾሙ በየቀኑ፣ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ሌላውን የስኳር ኪኒኗን ውጣ እስከ 9 ሰዓት እየጾመች ኖሯል። ኪኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ነው የምትቋጥረው። ፈትቼ ስቆጥር ከሚገባው 9 ፍሬ ጎደለ። መውሰዷን ረስታ ደግማ ትውጣለች። ደግማ ስትውጥ ስኳሯ ይወርዳል። ሲወርድ ይበልጥ ትረሳለች። በዚህ አዙሪት ስንት ወር እንደኖረች እግዜር ይወቀው።

ለ11 ዓመት በየወሩ መድኃኒት ስንቀበል ጣቷን ወግተው ስኳሯን ይለካሉ፤ በቃ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ባለሙያዎቹም ሁለት እጅ ነው ያላቸው፤ ይገባኛል። ግን በ11 ዓመት አንድም ሰው "ትረሻለሽ ወይ? ስኳርሽ ወርዶብሽ ያውቃል ወይ?" ብሎ አልጠየቃትም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም አዳመጠን። ግሊቤንክላማይዱን አስቆማትና በሌላ ተካላት። ከዚያ "ቫይታሚን ቢ12ዋ ታይቶ ያውቃል?" አለ። ስሙንም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ሲመጣ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት ሲወሰድ አንጀት ቢ12ን በደንብ እንዳይቀበል ያደርጋል። ቢ12 ሲያንስ ደግሞ እግር ይደነዝዛል፣ ሰው ይደክማል፣ ይረሳል። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2022 እ.ኤ.አ. ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፣ ምልክት ያለበት ሰው ይመርመር ብሎ አሳስቧል። የእኛ ሀገር ግን ተጨማሪ አለው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። እናቴ አጽዋማቱን፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምራ፣ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ትጾማለች። በፍስኩም ቢሆን ሥጋ የበዓል ነው። ጉበት ያጠራቀመው ለዓመታት ስለሚያቆይ ጉድለቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ቀስ ብሎ ሲመጣ ደግሞ እርጅና ይመስላል።

ስለ ግሊቤንክላማይድም ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አይመችም ይለዋል። ምክንያቱ ስኳርን ከልክ በላይ ስለሚያወርድ ነው። የሠፈራችን እናቶች ግን ዛሬም በነጠላቸው ቋጥረውት ይዞራሉ።

እናቴ የቢ12 መርፌ ከጀመረች ሰባት ወር ሆናት። ሁሉም ነገር ተመለሰ አልልም። አሁንም የልጅ ልጆቿን ስም ታቀያይራለች። ግን ሚካኤልን በ12 ትስመዋለች። ጠላዋም ጠላ ሆኗል።

አደራ፣ ይህን አንብቦ ሜትፎርሚኑን የሚጥል ሰው እንዳይኖር። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ፈረንሳይ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትጠቀምበት ኖራለች፤ እናቴም ዛሬ ድረስ ትወስደዋለች። የምለው ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12ውን ያስታይ ነው። ያረጀ ወላጅ ያለው ደግሞ ኪኒኑን ይቁጠር። የንስሐ አባቶቻችንም ስኳር ላለባቸው ልጆቻቸው ስለ ጾሙ ሰዓት ቀድመው ቢያነጋግሯቸው ትልቅ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፤ እናቴ ግን ካህኑ ካልነገሯት እኔን አትሰማም።

ከእናንተ የምጠይቀው ግማሽ ገጽ ነው። ለጦጣዎቹ ዜና የሰጣችሁትን ያህል ቦታ ስጡና አንድ የስኳር ሐኪም ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚመስል፣ ቢ12 ማን መመርመር እንዳለበት በቀላል አማርኛ ይጻፍልን። ጽሑፉ ሲወጣ አትሜ የሠፈራችን ጤና ጣቢያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ። ለጎረቤታችንም አንድ ቅጂ አደርሳለሁ። ፋርማሲው ያለ ማዘዣ አንሸጥም ስላላቸው እስካሁን ሐኪም ፍለጋ ላይ ናቸው።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን