አባዬ፣ መኪናዋን ገዛኋት

ይድረስ ለአባዬ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው እሁድ ስልኩ እየተቆራረጠ፣ ያንተም ጆሮ እምቢ እያለ፣ እኔም እየጮህኩ ሳንግባባ ተዘጋ። መጨረሻ ላይ የሰማሁት «አሮጌ መኪና ባለቤቱን ያስረጃል» ያልከውን ነው። እሷ ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። መነጽርህን አድርገህ በረንዳው ላይ ታነበዋለህ።

አዎ፣ ገዛኋት። ሳላማክርህ መግዛቴ እንዳስከፋህ አውቃለሁ፣ ለሱ ይቅርታ አድርግልኝ። ግን አባዬ፣ ዝም ብዬ አልገዛሁም። አንተ ያስተማርከኝን ሁሉ ይዤ ነው የሄድኩት።

ሱዙኪ ቪታራ ነች። ባለ አምስት በር፣ በፈረንጅ የ1996 ሞዴል፣ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር። ትንሽ ብትሆንም ከሥሯ እንደ ላንድሮቨርህ ሙሉ ሻንሲ አላት፤ አራቱም ጎማ ይጎትታል፣ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆን ከባድ ማርሽም አላት። «የኤሌክትሪኩን ለምን አልገዛሽም?» ብለኸኝ ነበር። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፣ ለአዲስ አበባም ጥሩ ናቸው። እኔ ግን የማስበው ከጎባ በላይ ያለውን የሳኔቲን ደጋ ነው። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ደላላው የመጀመሪያ ቀን ሲያሳየኝ ኮፈኗን በእጄ ነካሁት፤ ትኩስ ነበር። አስቀድሞ ሞቆ የሚጠብቅ ሞተር የሚደብቀው ነገር አለ ትለኝ የለ? «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት እመጣለሁ፣ ሳታስነሷት ጠብቁኝ» ብዬ ሄድኩ። ደላላው ደስ አላለውም። ባለቤቱ ግን ጨዋ ሰው ነበር፣ እሺ አለ። በማግስቱ በብርዱ ቁልፉን ራሴ አዞርኩ፣ በአንዴ ተነሳች። ጭስም አላየሁም።

ከዚያ ካቻቢቴ አወጣሁ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዬ ፊት ያለው አጥንት ላይ ደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ታስታውሳለህ? ጎባ ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ አቁመኸኝ እንዲህ እያሰማኸኝ «ምን ይላል?» ትለኝ ነበር፣ እኔም «ውሃ እየፈላ ነው» እልህ ነበር። አሁንም የሰማሁት እሱኑ ነው፣ እኩል የሚፈላ ውሃ። አልተርኔተሩ ጋ ብቻ ቀጭን ፉጨት ነበረች። ኩሽኔታ ነው። ዋጋ አስቀነስኩበት።

ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ላሜራዋን ዙሪያውን ዳበስኩ። በግራ በኩል ከኋላ ጎማው በላይ አልያዘም፣ ከቀለሙ ሥር ላሜራ ሳይሆን እስቱኮ ነው። ምንጣፉን ስገልጥ ከሾፌሩ እግር ሥር ዝገት ጀማምሮታል፣ የቪታራ የታወቀ በሽታ ነው፤ አሁን አስፍቄ አስበይጄዋለሁ። ሻንሲው ላይ ተኝቼ ገብቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት፣ ጤነኛ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያይቼ፣ እግድና ዕዳ እንደሌለባት አጣርቼ፣ ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን። ቦሎም ሶስተኛ ወገንም አላት፣ በዚህ አታስብ።

አንድ ነገር ግን አናዶኛል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ስላላመንኩት የታይሚንግ ቺንጋዋን አስቀይሬ ልጀምር ብዬ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ይሄ ቺንጋ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ መቀየር አለበት፣ ከተበጠሰ ሞተሩ እዚያው ባለበት ቀጥ ይላል። መካኒኩ ቀየርኩ አለኝ፣ ብሩንም ተቀበለኝ። ልቤ አላመነውም፣ ሌላ ሰው ጋ ወስጄ ሽፋኑን ሳስወጣው ያው የተሰነጣጠቀው አሮጌው ቺንጋ ቁጭ ብሏል። አባዬ፣ ብሩ አይደለም ያናደደኝ። አንተን ይዤ ሳኔቲ አናት ላይ፣ በዚያ ንፋስ፣ ቤት በሌለበት ቢበጠስስ ኖሮ? ሁለተኛው መካኒክ እኔ አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ቀየረው፣ አሮጌውንም ተቀብዬ ቤት አስቀምጬዋለሁ።

በነሐሴ ደግሞ ጭቃ ይዞኝ ነበር። ሰንዳፋ አካባቢ ጓደኛዬ ጋ ልሄድ ከአስፋልቱ እንደወጣሁ ጥቁር አፈሩ ውስጥ እስከ ሆዷ ገባች። ማርሹን ወደ አራቱ ጎማ አስገባሁት፣ ነዳጅ ሰጠሁ፣ ወይ ፍንክች። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «የፊቱ እኮ አይዞርም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ ያለው መቆለፊያ ወርዶ በእጅ ካልተቆለፈ ማርሹ ብቻውን ምንም አይሠራም። አንተ ላንድሮቨሩ ላይ ስንት ጊዜ ስታደርገው አይቻለሁ፣ እኔ ግን ድንጋጤው አስረሳኝ። ወርጄ ጭቃው ውስጥ ተንበረከክሁ። የቀኙ ወዲያው ዞረ፣ የግራው ዝጎ ኖሮ በጨርቅና በፒንሳ ታግዬ ነው ያዞርኩት። ልጁ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እየሰበረ ከጎማው ሥር ይጎዘጉዝልኛል። «ጭቃ ላይ ነዳጅ መርገጥ መቃብር መቆፈር ነው» የምትለው ትዝ አለኝ። ከባዱን ማርሽ አስገብቼ፣ ነዳጁን ሳልጫን ቀስ አልኳት፤ እየተንፏቀቀች ወጣች። እዚያው መሪው ላይ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። በማግስቱ መቆለፊያዎቹን አስፈትቼ በግራሶ አስሞላሁ። ጎማዎቹም ለጭቃ በሚሆኑ ተቀይረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ደሎ መና ያለው ጓደኛህ ያረፈ ጊዜ ለቅሶ አልደረስክም። አውቶቡሱ ጉልበትህን ስለሚጎዳው ነው። ስደውልልህ «ስንት ዓመት አንድ ድንኳን ውስጥ ያደርኩትን ሰው አፈር ሳላለብሰው» ብለህ ዝም አልክ። ያን ያህል ዝም ስትል ሰምቼህ አላውቅም። በስድሳዎቹ የወባ ማጥፊያ መኪና ስትነዳ እሱ መድኃኒት ሲረጭ፣ ሳኔቲን እየወጣችሁ የሐረናን ጫካ እየወረዳችሁ ቆላው ድረስ ስትመላለሱ የነበረውን ስንቴ ነግረኸኛል። እኔ መኪና መግዛት ያሰብኩት ያን ዕለት ነው። ዕቁቡ ሲደርሰኝ ቤት አላሳደስኩም፣ እሷን ገዛሁ።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ጠፈፍ ሲል እመጣለሁ። በአሰላ አድርጌ፣ በዶዶላና በዲንሾ። ጎባ ሁለት ቀን አርፈን በሦስተኛው ቀን በጠዋት እንነሳለን። ከ4,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሯ ሲሶ ያህል ጉልበቷን እንደምታጣ አውቃለሁ፣ አላስጨንቃትም። ሐረናን ስንወርድ ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ ነው የምይዛት። ከጎንህ ሆነህ ካጠፋሁ ትነግረኛለህ። ለጉልበትህ ወንበሩን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው እገፋልሃለሁ፣ በየግማሽ ሰዓቱም እንቆማለን። ሪራ ላይ ቡና እንጠጣለን። የጓደኛህን ልጆች እጅ ይዘህ ታጽናናለህ፣ መቃብሩም ጋ እንሄዳለን።

ሞተሯን እስክትሰማት ድረስ አትፍረድባት። ጆሮህ እምቢ ካለ ካቻቢቴውን ጥርስህ ላይ ነክሰህ ያዘው፣ በአጥንቱ በኩል ይሰማሃል።

አንድ ነገር ግን ቶሎ መልስልኝ። የግቢያችን በር ስፋቱ ስንት ነው? በክንድህ ለክተህ ለጎረቤት ልጅ ንገረውና ይደውልልኝ። እኔ መኪናዋን ለክቻታለሁ፣ ከነመስታወቷ ሁለት ሜትር አትሞላም። የኮክ ዛፉ ቅርንጫፍ ወደ በሩ ካዘነበለ አስቆርጠው። አንተ ራስህ እንዳትወጣበት፣ አደራ።

ልጅህ
ከአዲስ አበባ