የታሪክና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ቅዱሳንና ቦታቸው

ክበባችን ዘንድሮ «ቅዱሳንና ቦታቸው» በሚል ርዕስ ሲነሳ «ትምህርት ቤት ውስጥ ሃይማኖት ልትሰብኩ ነው ወይ?» ያሉን አልጠፉም። እኛ የጠየቅነው የታሪክ ጥያቄ ነው። ደብረ ሊባኖስ ሲነሳ አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ደብረ ዳሞ ሲባል አቡነ አረጋዊ ወዲያው የሚታወሱት ለምንድን ነው? የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል መዋሉን ስንቶቻችን አስተውለናል? ይኸው ሰማዕት ለእንግሊዝም ለጆርጂያም ጠባቂ ቅዱስ መሆኑ ልጆቹን ብዙ አከራክሯቸዋል። የቅዱሳኑን ቦታዎች የሚያሳየውን የግድግዳ ካርታ በመሥራት ሙስሊምና ፕሮቴስታንት አባሎቻችን ግንባር ቀደም እንደነበሩም ይታወቅልን።

ሳምንታዊ ስብሰባው ሳይቋረጥ ተካሂዷል፤ ካርታውም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተሰቅሏል።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ግን የዝቋላ ጉዞ ነው። የመጋቢት 5 የንግሥ በዓል ግርግር ካለፈ በኋላ ወጣን። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ አናቱ ላይ በጥንቱ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ሐይቅ አለ። ለክርስቲያኑ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው፤ በኦሮሞ ባህላዊ እምነትም የተከበረ ተራራ ነው።

ወደ ገዳሙ ስንደርስ አንድ ተማሪ የጻድቁን ሥዕል አይቶ «ወፏ ዓይናቸውን ለምን ትነካለች?» ሲል ጠየቀ። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ በክበቡ ስብሰባ ድምጿን ሰምተን የማናውቅ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነጠላዋን አስተካክላ ጀመረች። በውኃ ጥም ልትሞት የደረሰች ወፍ እንባቸውን ጠጥታ እንደዳነች፣ አንበሳና ነብሩም ለምን እንደከበቧቸው ተረከች። አጠገባችን የቆሙ አንድ አባት ጨርሳ እስክትናገር ጠብቀው፣ «ማን አስተማረሽ ልጄ?» አሏት።

«አያቴ ናት አባ። በየወሩ በ5 የአቦን ዝክር ስታዘጋጅ ትነግረኛለች።»

እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ የየአያቶቻቸውን ትረካ በደብተር እየጻፉ ያመጡልኛል።

የደብረ ሊባኖስ ጉዞ በአውቶቡስ ኪራይ እጦት ቀርቷል። ለሌሎች ክበባት ማልያና ኳስ መገዛቱ ያስደስተናል፤ ነገር ግን የታሪክ ክበብ በጠመኔና በሰሌዳ ብቻ ይሥራ መባሉ ተገቢ አይደለም። ለከርሞ የጠየቅነው የአንድ ቀን የአውቶቡስ ኪራይና አንድ የድምፅ መቅጃ ነው። መቅጃው ይቅደም፤ አያቶቹ አርጅተዋል። ማገዝ የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በክበቡ ተጠሪ በኩል አግኙን።