ያን ቀን ያስቀረኝ የስም ዝርዝር

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሰይድ፤

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደሴም እንደምታውቃት ናት። የጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል፤ እኛም ደራርበን እንወጣለን።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩልህም። ልደውል እልና ስምህ ላይ ስደርስ ስልኩን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ሰኞ ገበያ እህትህን አገኘኋት። እንደ ድሮው አቅፋ ሳመችኝ። ስላንተ ስጠይቃት "ወልድያ ነው። ቢሮ የስም ዝርዝርና የክፍያ ሥራ ሰጥተውት ማታ ማታ ነው የሚገባ። ልጆቹን ተኝተው ነው የሚያገኛቸው" አለችኝ። ይሄን ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የአባትህ የአባባ ቀብር ላይ ለምን እንዳልነበርኩ ነግሬህ አላውቅም። ዛሬ ልንገርህ።

ሰኔ 2015 ነበር፤ የበጀት መዝጊያ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ዝርዝር አለ። አንዱ የ1,860 ተጠቃሚዎች ስም ከነቀበሌያቸው፣ ሌላው የእነዚያኑ ሰዎች ክፍያ። ሁለቱን ማመሳከር ነበረብኝ። በኤክሴል ቪሉክአፕ በሚባለው ስም ፈላጊ ፎርሙላ ሞከርኩ። ግማሹን ስም አላገኘሁም አለኝ። ስለዚህ ሁለቱንም አተምኩና ማስመሪያ ይዤ ስም በስም በዓይኔ ማየት ጀመርኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን እንዳይረብሸኝ ብዬ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሳወጣው አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ሰባት ጊዜ ደውለሃል። ጀናዛው ከዐስር ሶላት በኋላ ወጥቶ አልቋል። ቀብሩ የነበረበት ሐይቅ ከተማ ከኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሚኒባስ ይዤ እደርስ ነበር። በማግስቱ ለቅሶ ስደርስ ቀና ብዬ ዓይንህን ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ የጠፋሁት በሐፍረት ነው። ይቅር በለኝ።

ያንን የአራት ቀን ሥራ ዛሬ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እጨርሰዋለሁ። ያሳየችኝ ለልምምድ የመጣች ተማሪ ናት። አንተም የያዝከው ይኸው ሥራ ስለሆነ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ።

ቪሉክአፕ ስሙን ያጣው በፊደላችን ምክንያት ነው። አንዱ ጸሐፊ "ሐሰን" ብሎ ጽፏል፣ ሌላው "ሀሰን"። ለኔና ላንተ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየብቻ ቁጥር ያላቸው ሦስት ፊደሎች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። በኛ አገር ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ስንት ሙሐመድ፣ ስንት ሐሰን፣ ስንት ሰይድ እንዳለ አንተው ታውቃለህ።

እንዲህ አድርግ። የስሙን ዓምድ ኮፒ አድርገህ ጎኑ ባለው ባዶ ዓምድ ላይ ፔስት አድርገው። ዋናውን ስም በጭራሽ አትንካ፤ ሰውየው መታወቂያው ላይ የተጻፈው ያ ነው፣ ስሙም የራሱ ነው። ኮፒውን ብቻ ምረጥና ኮንትሮልን ይዘህ ኤችን ተጫን። ከላይ ሐ፣ ከታች ሀ ጻፍና ሁሉንም ለውጥ በለው። ከዚያ ኀ፣ ከዚያ ሃ፣ ሓ እና ኃ። ሁሉንም ወደ ሀ። ቀጥለህ ሑን ወደ ሁ፣ ሒን ወደ ሂ እያልክ በየቤቱ ትሄዳለህ። ሠን፣ ዐን፣ ፀንም እንዲሁ። እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ በጠቅላላው 37 ለውጥ ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በሁለቱም ዝርዝር ላይ ይሄን ካደረግህ በኋላ ትሪም የሚለውን ፎርሙላ ስጠው። ከስሙ በፊትና በኋላ የተደበቀውን ባዶ ቦታ ያጠፋል፤ በመሃል ሁለት ጊዜ የተመታውንም አንድ ያደርገዋል። ያ የማይታይ ባዶ ቦታ ስንት ሰው ከክፍያ እንዳስቀረ!

ከዚህ በኋላ የሚቀሩህ "ሙሐመድ" እና "መሐመድ" ዓይነቶቹ ናቸው። እነሱን በዓይንህ እያቸው፤ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እስከ አያት ድረስ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች አሉ። በስም ብቻ ካመሳከርክ የአንዱን ብር ለሌላው ትሰጣለህ። ይሄንን ያስታወሰኝ የአባባ የዱቤ ደብተር ነው። ልጅ ሆነን ሱቅ ስንጠብቅ ደብተሩን አይተነው የለ? "ሙሐመድ ረጅሙ"፣ "ሙሐመድ ወፍጮ ቤት"፣ "ሙሐመድ የዘሐራ ልጅ" እያሉ ነበር የሚጽፉት። በዚያ ሁሉ ዘመን የአንዱን ዕዳ ለሌላው ጽፈው አያውቁም። እኔም አሁን ስሙን ከቀበሌውና ከመታወቂያ ቁጥሩ ጋር በአንድ ሴል አጣብቄ ነው የማመሳክረው። በመሃላቸው የ"እና" ምልክቷን (&) ታስገባለህ፣ ሌላ ነገር አይፈልግም።

ቀበሌው መጀመሪያው ረድፍ ላይ ብቻ ተጽፎ ከታች ባዶ ሆኖ ከመጣልህ አንድ በአንድ አትሙላ። ዓምዱን ምረጥ፣ ኤፍ 5 ተጫን፣ ስፔሻል በል፣ ብላንክስን ምረጥ። ባዶዎቹ ብቻ ይመረጣሉ። ሌላ ቦታ ሳትነካ የእኩል ምልክት ጻፍ፣ የላይ ቀስቷን አንድ ጊዜ ተጫን፣ ከዚያ ኮንትሮልን ይዘህ ኢንተር። አንድ ሺህ ባዶ ሴል በአንድ ጊዜ ይሞላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ሳየው ከወንበሬ ተነሣሁ። ወዲያው ግን ኮፒ አድርገህ ቫሊዩውን ብቻ ፔስት አድርገው፤ አለዚያ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ስትደረድረው ይመሰቃቀልብሃል።

ቀንም ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም። የኔ ማሽን እንደ አሜሪካኖቹ ወርን ያስቀድማል። ስለዚህ ጳጉሜ 5ን 5/13/2015 ብዬ ስጽፍ ሜይ 13 ያደርገዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2015 ስለው ደግሞ ቀን አይደለም ብሎ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። አንዱ ቀን፣ ሌላው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ስትደረድረው ሁሉም ይደበላለቃል። እኔ ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በሦስት ዓምድ ለየብቻ አድርጌ ተገላገልኩ። ወራችን 30 ቀን መሆኑ ደግሞ ትልቅ በረከት ነው። የሰው ፈቃድ ስታሰላ የወሩን ልዩነት በ30 አባዛና የቀኑን ልዩነት ደምርበት። መስከረም 1ን እስካላቋረጠ ድረስ ትክክል ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበልህ። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘህ ቪን ብትጫን መጀመሪያ ላይ ክፈተኝ ይልሃል። ከዚያ በኋላ ኮፒ ያደረግካቸውን እስከ 25 የሚደርሱ ነገሮች ያስታውስልሃል። የጽሑፍን መልክ ወደ ሌላ የምትቀዳውን የፎርማት ብሩሽ ሁለቴ ክሊክ ካደረግካት ኤስኬፕ እስክትል ድረስ ከእጅህ አትወጣም። ወርድ ላይ ሺፍትን ይዘህ ኤፍ 5 ብትል መጨረሻ ወዳረምክበት ቦታ ይመልስሃል። ሪፖርት ውስጥ የገቡትን ፎቶዎች ማውጣት ከፈለግህ ፋይሉን ኮፒ አድርግና የስሙን መጨረሻ ዚፕ በለው። ስትከፍተው ወርድ የሚል ፎልደር ታገኛለህ፤ ሚዲያ የሚለው ውስጥ ፎቶዎቹ ሁሉ ተቀምጠዋል።

ኤክሴል ላይ ኮንትሮልና ኢን (E) ሁሉም ያወድሳታል። ሙሉ ስምን የራስ፣ የአባትና የአያት ብላ ትከፍልልሃለች። እኔ ግን በክፍያ ዝርዝር ላይ አላምናትም። የምትሠራው በግምት ነው። "ወልደ ማርያም" ሲመጣባት ወልደን ለብቻው ሰው ታደርገዋለች።

መብራት እዚያም እንደኛ ይሄድ ይሆናል። ወርድም ኤክሴልም በየ10 ደቂቃው ነው ለራሳቸው የሚይዙት። ፋይል፣ ኦፕሽን፣ ሴቭ ብለህ ግባና 1 ደቂቃ አድርገው። ይሄን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ አድርገው።

የታኅሣሥ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሐይቅ እመጣለሁ። አንተም ከወልድያ ውረድ። መጀመሪያ መቃብሩ ጋ ውሰደኝ። አንተ ዱዓ ስታደርግ አጠገብህ ልቁም። ከዚያ እማማ ቡናውን እስኪያፈሉ ድረስ ያስቸገረህን ዝርዝር አብረን እንየው፤ ላፕቶፑን እንዳትረሳ። የአባባ የዱቤ ደብተር ቤት ውስጥ ካለም ፈልገህ አቆይልኝ፤ ላየው እፈልጋለሁ።

ወንድምህ ደጀኔ