ጫማው ለየትኛው ተራራ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከላሊበላ ነው። እንግዳ ይዤ አሸተን ማርያምና አቡነ ዮሴፍ መውጣት እንጀራዬ ነው። ሰሞኑን ስለ ተራራ ጉዞ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ጫማው ሶሉ የማይታጠፍ፣ ከተቻለም ለበረዶ የተሠራ ይሁን» የሚል ምክር አነበብኩ። ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ይቺን ምክር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ከፍዬባታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፈረንሳዊ እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ ጫማውን ሰጠኝ። ወፍራም ቆዳ ነው። ሶሉ ከፊትና ከኋላ እንደ ከንፈር ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። በሁለት እጄ ይዤ ላጥፈው ብሞክር ንቅንቅ አላለም። እኔም እንዲህ ያለ ጫማማ የትኛውንም ተራራ ያስወጣል ብዬ በደስታ አቡነ ዮሴፍ ወጣሁበት። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ማለዳ ጓሳው ላይ አመዳይ ይታያል፣ የጅብራው ቅጠል ነጭ ይሆናል፣ ግን ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው አፈርና ጭቃ፣ ጠጠርና ልሙጥ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ እግር በየእርምጃው መታጠፍ ይፈልጋል። ሶሉ እምቢ ሲል ተረከዜ ከውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ይፈተግ ጀመር፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የረገጥኩት ድንጋይ ይነቃነቅ አይነቃነቅ እግሬ አልነግርህ አለኝ። ሁለት ጊዜ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ማታ ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ሞቅ ባለ ውሃ ነክሬ ነው ያወጣሁት።

ጫማው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሥራው ሌላ ነው። ይህን ያስረዳችኝ አልፕስ ተራራ ላይ ሰው እየመራች የምትኖር አንዲት እንግዳ ናት። ጫማውን አስለብሳኝ፣ ደጃፌ ያለው የድንጋይ ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ቁም አለችኝ። ቆምኩ። ተረከዜ አየር ላይ ነው፣ ባቴ ግን እምብዛም አልደከመም፤ ሶሉ እንደ ጣውላ ተሸክሞኛል። ከዚያ በስኒከር ሞክረው አለች። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ባቴ ተንቀጠቀጠ። ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሰው ከጫማው ሥር ክራምፖን የሚባል የብረት ጥርስ ያስራል፣ ሰውነቱን የሚሸከሙትም ከፊት የሚወጡት ጥርሶች ናቸው። ሶሉ ከታጠፈ ባት ይዝላል፣ ብረቱም ሊወልቅ ይችላል። ያ ከንፈር የመሰለው ጠርዝም ክራምፖኑ የሚነክስበት ቦታ ነው።

ተራራ ወጪዎች በግትርነቱ ጫማውን ከሚታጠፈው ቢ0 እስከ ጨርሶ ከማይታጠፈው ቢ3፣ ክራምፖኑን ከሲ1 እስከ ሲ3 ይከፍሉታል። የክራምፖኑ ቁጥር ከጫማው ቁጥር መብለጥ የለበትም። ቢ0 ክራምፖን አይታሰርበትም። ለቀጥ ያለ በረዶ የሚሆነው ቢ3 ነው። ለእኛ መንገድ፣ ለላስታም ሆነ ለቦረና ሳይንት፣ ቢ0 ከበቂ በላይ ነው። አገራችን ውስጥ የበረዶ ግግር ያለው ተራራ የለም። ቅርባችን ያሉት ኬንያ ተራራ፣ ኪሊማንጃሮና በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ያለው ሩዌንዞሪ ናቸው። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ቢሆንም በተለመደው መንገድ ሙቀት የሚይዝ የእግር ጉዞ ጫማ ይበቃል። የሩዌንዞሪው ማርጋሪታ ጫፍ ግን 5,109 ሜትር ሆኖ ግግሩን መሻገር ስላለው ክራምፖን የሚይዝ ጫማ ይጠይቃል።

ወደዚያ የሚሄድ የወሎ ልጅ ካለ እባካችሁ ይህን አትሙለት። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ብራንዱን ተዉትና እግራችሁን ስሙ። ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያኔ እግር ያብጣል። ተራራው ላይ የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ማሰሪያውን ሳታስሩ ጣታችሁን ወደ ፊት ገፍታችሁ ከተረከዛችሁ ኋላ አንድ የእጅ ጣት መግባት አለበት። አስራችሁ ደረጃ ስትወጡ ተረከዝ መነሳት የለበትም፣ ቁልቁል ቆማችሁ ግድግዳ ስትመቱ ደግሞ አውራ ጣት ጫፉን መንካት የለበትም። ብርድ ይገባል ብሎ ሁለት ሦስት ካልሲ ደርቦ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ትልቅ ስህተት ነው። ጫማው ሲጠብቅ ደም አይዘዋወርም፣ ደም ካልደረሰው ጣት ደግሞ ብርድ ቶሎ ይገድለዋል፤ ሐኪም ቆርጦ የሚጥለው እንዲህ ያለውን ጣት ነው። በረዶ ላይ ለብዙ ቀን ለሚያድር ውስጡ የሚወጣ ድርብ ጫማ አለ፣ ማታ የውስጡን አውጥቶ መኝታ ከረጢቱ ውስጥ ያደርቀዋል።

አሁን ደግሞ ስለ ልባሽ። ብዙዎቻችን አዲስ የመግዛት አቅም የለንም፣ እንግዳ ትቶት የሄደውን ወይም ደሴ ገበያ ያገኘነውን ነው የምናደርገው። ኮሮናና ጦርነቱ እንግዳውን ሲያስቀሩብን የራሴን የእግር ጉዞ ጫማ በካርቶን አድርጌ አልጋ ሥር አስቀመጥኩት። ቆዳውን ቅባት ቀብቼዋለሁ፣ አዲስ ይመስላል። እንግዳ ብቅ ሲል አድርጌው ወጣሁ፣ አሸተን ሳልደርስ የቀኙ ሶል ሙሉውን ተገነጠለ። የግራውም ወዲያው ተከተለ። ከሶሉና ከቆዳው መሃል የነበረው ስፖንጅ እንደ ቆየ ዳቦ እፍኜ ውስጥ ፈረሰ። ጫማ ሰፊው «አብሽር፣ እሰፋዋለሁ» ብሎ ነበር፣ መርፌው የሚይዘው ነገር አጣ እንጂ። ያ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ነው፣ ባይለበስም እንኳ ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ በዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። እኔ ጋ የፈረሰው ሜዳ በሚመስል ቦታ ነበር። በረዶ ግድግዳ ላይ ቢሆንስ? ስለዚህ ልባሽ ስትገዙ ሶሉንና ቆዳውን የሚያገናኘውን ቦታ በአውራ ጣታችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት። ስንጥቅ ካሳየ ወይም ዱቄት ከረገፈ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ፈረንሳዊው የሰጠኝ ጫማ አሁንም ቤቴ አለ። ቁጥሩ 43 ነው። ሩዌንዞሪ የሚሄድ ልጅ ካለ ላሊበላ መጥቶ ይለካው፣ ገንዘብ አልፈልግም። መጀመሪያ ግን ሶሉን አብረን እንጫነዋለን።

አንባቢያችሁ፣ ከላሊበላ